የፋርስ የነሐስ ዕቃዎች፦ የሚወራውና በላያቸው የተጻፈው

ስለ መካከለኛው ዘመን ፋርስ ያጌጡ የነሐስ ዕቃዎች ብዙ ይወራል። ደግነቱ ዕቃዎቹ ራሳቸው ምስክር ናቸው። ብዙዎቹ በላያቸው ጽሑፍ አለ፤ አንዳንዶቹም ማን እንዳሠራቸው፣ ማን እንደሠራቸውና መቼ እንደተሠሩ ሳይቀር ይናገራሉ። እኔም በየርዕሱ በጥቅስ ያስቀመጥኩትን ወሬ አንድ በአንድ በእነሱ ቃል ልዳኘው።

“የነገሥታት ዕቃ ነበር”

ሴንት ፒተርስበርግ፣ ሄርሚታዥ ሙዚየም ውስጥ አንዲት ትንሽ ባልዲ አለች። ቁመቷ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በቀድሞ ባለቤቷ ስም “የቦብሪንስኪ ባልዲ” ትባላለች። የተሠራችው ሄራት ከተማ ነው። ማንጠልጠያዋ ላይ ሙሐረም 559 ዓመተ ሂጅራ የሚል ቀን አለ፤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1163 መሆኑ ነው።

ከንፈሯ ላይ ዙሪያውን ስሞች ተጽፈዋል። ባለቤቷ ረሺድ አድዲን ዓዚዚ የሚባል፣ ዛሬ ኢራን ውስጥ ያለችው የዛንጃን ከተማ ሰው ነው። ንጉሥ አይደለም፤ ነጋዴ ነው። ከማዕረጎቹ አንዱ “የነጋዴዎች ክብር” ይላል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ዕቃ በከተማ ገንዘብ ያለው ሰውም ይኖረው ነበር። ለእኔ የዚህ ጥበብ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ ከገበያው ሰው ጋር አብሮ ያደገ መሆኑ።

“አንድ ባለእጅ ብቻውን ይሠራዋል”

እዚያው ባልዲ ላይ መልሱ አለ። ለባለቤቱ እንዲሠራ ያዘዘው ዓብድ አልረሕማን የሚባል ሌላ ሰው፣ የሠራው ሙሐመድ ኢብን ዓብድ አልዋሒድ፣ ያስጌጠው ደግሞ የሄራቱ መስዑድ ኢብን አሕመድ ነው። ሁለቱም ባለሙያዎች ስማቸው ከባለቤቱ ስም ጎን ተጽፏል። ማቅለጥና ማስጌጥ የተለያዩ ሙያዎች ነበሩ፤ ሁለቱም ይከበሩ ነበር።

“ብሩ ቀለም ነው”

አይደለም። አስጌጩ መጀመሪያ ዕቃውን በመሮ ይፈለፍላል። የፍልፍሉን ጠርዝ ትንሽ ወደ ውስጥ ያዘነብለዋል። ከዚያ ስስ የብር ወይም የመዳብ ቁራጭ ያስገባና በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል። የሚይዘው ማጣበቂያ ሳይሆን ያ ጠርዝ ነው። ፊት፣ እጅ፣ የልብስ እጥፋት በብሩ ላይ እንደገና በቀጭን መሣሪያ ይጫራል። የጣት ጥፍር በማታክል ቁራጭ ላይ ይህን ማድረግ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አስቡት።

ዛሬ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሆኖ የምናየውም የጥንቱ መልኩ አይደለም። ያኔ ወርቃማው ቅይጥ፣ ነጩ ብርና ቀዩ መዳብ ለየብቻ ያብረቀርቁ ነበር።

“ሁሉም ነሐስ ነው”

ነሐስ በትክክል ሲባል የመዳብና የቆርቆሮ (ቲን የሚባለው ብረት) ቅይጥ ነው። እዚህ ግን ስሙ ልማድ ሆኖ ነው እንጂ ብዙዎቹ ላቦራቶሪ ሲመረመሩ መዳብ፣ ዚንክ፣ እርሳስና ጥቂት ቆርቆሮ ተቀላቅለው ይገኛሉ። ስለዚህ ሙዚየሞች አሁን “የመዳብ ቅይጥ” ብለው ቢጽፉ ይመርጣሉ። ከመቶ 20 ገደማ ቆርቆሮ የገባበት ነጭ ነሐስም ነበር፤ እሱ ግን ሌላ ሥራ ነው።

“ሰው መሳል ክልክል ስለሆነ ጌጡ ሐረግ ብቻ ነው፤ ጽሑፉም ቁርኣን ነው”

ይሄ በጣም የተስፋፋው ነው፤ በጣም የራቀውም። የቦብሪንስኪ ባልዲ በሰው የተሞላ ነው። ፈረሰኞች ይዋጋሉ፣ ሙዚቀኞች ይጫወታሉ፣ የሚጠጡ አሉ፣ የሰሌዳ ጨዋታ ይዘው የተቀመጡም አሉ። ይባስ ብሎ ፊደሎቹ ራሳቸው ሰው ሆነዋል! የፊደሉ ዘንግ ወደ ላይ ወጥቶ ጫፉ ላይ የሰው ፊት ያወጣል።

ጽሑፉስ? በአብዛኛው ምርቃት ነው። “ክብር፣ ብልጽግና፣ ደኅንነት፣ ደስታ ለባለቤቱ” እያለ ይዞራል። ቅኔም አለ። በጆርጂያ ዋና ከተማ ትብሊሲ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1181–82 የተሠራው ማንቆርቆሪያ ላይ ሠሪው ማሕሙድ ኢብን ሙሐመድ አልሀራዊ በፋርስኛ ግጥም የራሱን ሥራ አወድሷል።

“ሁሉም የኢራን ነው”

ሄራት ዛሬ አፍጋኒስታን ውስጥ ናት። ያኔ ኾራሳን የሚባለው ሰፊ አገር ከተማ ነበረች። የዛሬን ድንበር ወደ ኋላ መውሰድ አያስኬድም።

“ለጌጥ ብቻ ነበር”

ኒውዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያለው የ1181–82 አንበሳ መሰል ዕቃ ዕጣን ማጨሻ ነው። ጭንቅላቱ ይነቀላል፤ ፍሙና ዕጣኑ በዚያ ይገባል፤ ጭሱ በተበሳሳው ገላው ይወጣል።

ሄርሚታዥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1206 የተሠራች፣ የላም ቅርጽ ያላት የውኃ ማንቆርቆሪያ አለች። ጥጃዋ ትጠባለች፣ አንበሳ ጀርባዋ ላይ ወጥቷል። አንበሳው እጀታ ነው፤ ውኃው የሚቀዳው በላሚቱ አፍ ነው። ላይዋ ላይ ላሟ፣ ጥጃዋና አንበሳው ሦስቱም በእግዚአብሔር ርዳታ በአንድ ጊዜ ቀልጠው እንደተሠሩ ተጽፏል። ይህን ከባድ ሥራ የተወጡት ሰዎች እንዲታወቅላቸው ፈልገው ነው የጻፉት፤ የአስጌጩም ስም፣ ዓሊ ኢብን ሙሐመድ፣ እዚያው አለ።