የሶቪየት የቀይ ኮከብ ኒሻን ምንድን ነው? ዕድሜውስ በምን ይታወቃል?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጉ የቀይ ጦር ወታደሮችን ፎቶ ያየ ሰው ይህን ኒሻን ሳያየው አይቀርም። አምስት ጫፍ ያለው፣ ጠቆር ያለ ቀይ ኮከብ ነው። ደረት ላይ ይሰካል። መሐሉ ላይ ካፖርት የለበሰ፣ ሹል ቆብ ያጠለቀና ጠመንጃ የያዘ ወታደር ቆሟል። ዙሪያውን በሩስያኛ የተጻፈውን መፈክር በደርግ ዘመን ያደገ ሁሉ በአማርኛ ያውቀዋል፤ «የዓለም ወዝአደሮች ተባበሩ!» ይላል። ከሥሩ ማጭድና መዶሻ አለ።

ስሙ የቀይ ኮከብ ኒሻን ነው። በ1974 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ ከተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጋር አይምታታ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኒሻኑ የተቋቋመው ኤፕሪል 6 ቀን 1930 ነው። የተሠራው ከብር ሲሆን ቀዩ ቀለም ኢናሜል፣ ማለትም በእሳት ቀልጦ ብረቱ ላይ የተጣበቀ ባለ ቀለም መስታወት ነው። ክብደቱ 33 ግራም አካባቢ ነው። ከጫፍ ጫፍ ሲለካ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ጀርባው ላይ ብሎን አለ፤ ልብሱ ተበስቶ ብሎኑ ከገባ በኋላ በክብ ዳዶ ይጠበቃል። የመጀመሪያው፣ ቁጥር 1 የተጻፈበት፣ ለቫሲሊ ብሉኸር ተሰጠ። ብሉኸር በ1929 ማንቹሪያ ውስጥ በነበረው የባቡር መስመር ግጭት የሶቪየትን ጦር የመራ አዛዥ ነው። በ1918 የቀይ ሰንደቅ ዓላማ ኒሻንም ሲጀመር የመጀመሪያው ተሸላሚ እሱ ነበር። ያ ሁሉ ክብር ግን አላዳነውም። በ1938 በስታሊን ዘመን በነበረው እስር ተይዞ እዚያው እስር ቤት ሞተ።

ከብሉኸር ኒሻን በኋላ እስከ ሶቪየት ኅብረት መፍረስ ድረስ ከ3.8 ሚሊዮን በላይ ተሰጥቷል። ስለዚህ ብርቅ አይደለም። የሶቪየት ኒሻን መሰብሰብ የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያገኘው ይህንን ነው። እኔ ደግሞ ለመማር ከዚህ የተሻለ የለም ባይ ነኝ። ምክንያቱ ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር ነው።

የሶቪየት ኒሻኖች ከብዙ አገሮች ኒሻን የሚለዩበት አንድ ነገር አለ። እያንዳንዱ የራሱ ተከታታይ ቁጥር አለው። ቁጥሩ ብረቱ ላይ ይቀረጻል፤ ከዚያም በተሸላሚው የኒሻን ደብተር ላይ ይጻፋል፤ መንግሥት ዘንድ ባለው ካርድ ላይም ይመዘገባል። ኒሻኑ የመኪና ሻንሲ ከሆነ ደብተሩ ሊብሬው ነው። ቁጥሮቹ ከተመሳሰሉ ይህ ቁራጭ ብር የአንድ የታወቀ ሰው ነበር ማለት ይቻላል። ስሙ፣ የትውልድ ዘመኑ፣ የተዋጋበት ክፍል፣ ያደረገው ነገር ሁሉ ሊገኝ ይችላል።

ቁጥሩ ዕድሜም ይናገራል። ከጦርነቱ በፊት ይህን ኒሻን ያገኙት ከ20,000 ትንሽ ቢበልጡ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከዚያ በታች የሆነ ኮከብ ጀርመን ሶቪየትን ከመውረሯ በፊት፣ ማለትም ከጁን 1941 በፊት የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው ውድ ነው፤ አጭበርባሪም የሚበዛው እሱ ላይ ነው። በጦርነቱ ዓመታት ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተሰጠ። ቁጥሩ ግማሽ ሚሊዮን አካባቢ ከሆነ ወደ 1944 ያመለክታል። ከ3 ሚሊዮን ካለፈ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ነው። ወደ 3.8 ሚሊዮን የተጠጋው ደግሞ የአፍጋኒስታን ጦርነት ዘመን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይሳሳታል። ቁጥሩ የሚናገረው ኒሻኑ መቼ እንደተሠራ ነው። መቼ እንደተሰጠና ለምን እንደተሰጠ አይናገርም። ሁለቱ በወራት፣ አንዳንዴም በዓመታት ይራራቃሉ።

ለምን? በጦርነቱ መጀመሪያ ላይ ሽልማት የሚጸድቀው ከላይ ከሞስኮ ነበር። ይህ አዝጋሚ ነበር። የታጨው ሰው ወረቀቱ ሳይመለስ ይሞታል። ስለዚህ ከ1942 መጨረሻ ጀምሮ የክፍለ ጦርና የብርጌድ አዛዦች የቀይ ኮከብ ኒሻን በራሳቸው ትእዛዝ እንዲሰጡ ተፈቀደላቸው። ኒሻኖቹ በብዛት ወደየግንባሩ ይላኩ ጀመር። አንዱ ግንባር ኃይለኛ ውጊያ ላይ ስለሆነ የደረሰውን በአንድ ወር ይጨርሳል። ሌላው ጋ ውጊያው ቀዝቀዝ ብሎ እስከሚቀጥለው ዓመት ይቀመጣል። በዚህ ምክንያት ቁጥሩ ትንሽ የሆነ ኒሻን ቁጥሩ ትልቅ ከሆነው በኋላ ሊሰጥ ይችላል። ቆስሎ ሆስፒታል የገባ ወይም ወደ ሌላ ክፍል የተዛወረ ወታደርም ነበር። ሽልማቱ ሲፈልገው ዓመታት ያልፋሉ። ጦርነቱ ካበቃ ከብዙ ጊዜ በኋላ ኒሻኑ የተሰጠው ሰው ጥቂት አይደለም።

ሌላም አለ። ጁን 1944 በወጣ ድንጋጌ መሠረት ኒሻን ለአገልግሎት ዘመንም ይሰጥ ጀመር። 10 ዓመት ያገለገለ የውጊያ አገልግሎት ሜዳሊያ፣ 15 ዓመት ያገለገለ የቀይ ኮከብ ኒሻን፣ 20 ዓመት ያገለገለ የቀይ ሰንደቅ ዓላማ፣ 25 ዓመት ያገለገለ የሌኒን ኒሻን ያገኛል። ይህ አሠራር በ1957 ቀረ። እስከዚያ ግን ጥይት ሳይተኩሱ በቢሮ ሥራ ብቻ ኮከቡን ያገኙ ብዙ መኮንኖች ነበሩ። በስታሊንግራድ ታንክ ያቃጠለው ወታደር ኮከብና የመጋዘን ኃላፊው ኮከብ ጎን ለጎን ቢቀመጡ በመልክ አይለዩም። የሚለያቸው ወረቀት ነው። ስለዚህ ሰብሳቢ ከብረቱ እኩል ወረቀቱን መፈለግ አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ወረቀት ስል በመጀመሪያ የኒሻን ደብተሩን ማለቴ ነው። ደብተሩ የሽልማቱን ስም፣ ቁጥሩንና የተሰጠበትን ድንጋጌ ይይዛል። እስከ 1947 መጨረሻ ድረስ ከኒሻኑ ጋር ወርኃዊ ገንዘብ ይከፈል ነበር፤ ለቀይ ኮከብ 15 ሩብል ነበር። ገንዘቡ የሚወሰድበት ኩፖን ስለነበረ፣ ኩፖኑ ያለው ደብተር የትኛው ዘመን እንደሆነ በራሱ ይናገራል።

ከደብተሩ የሚበልጠው ግን የሽልማት ማቅረቢያ ቅጹ ነው። አዛዡ ወታደሩ ምን እንዳደረገ በእጁ ወይም በታይፕ የጻፈበት ገጽ ነው። በየትኛው መንደር አጠገብ፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት የጠላት መትረየስ እንዳወደመ ይዘረዝራል። እነዚህ ቅጾች በሞስኮ አቅራቢያ በፖዶልስክ ከተማ ባለው የመከላከያ ሚኒስቴር ማዕከላዊ መዝገብ ቤት ይገኛሉ። የሩስያ መንግሥት ከ2010 ጀምሮ ብዙዎቹን ስካን አድርጎ በኢንተርኔት በነጻ ለቋቸዋል። በተሸላሚው ስም ይፈለጋሉ። ስሙ ካልታወቀ ግን ቁጥሩ ብቻውን ብዙ ርቀት አይወስድም፤ ካርዱን መዝገብ ቤት ውስጥ የሚያገላብጥ ሰው ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ብረቱ እንመለስ። ጀርባው ላይ በሁለት መስመር «ሞኔትኒ ድቮር» የሚል የሩስያኛ ጽሑፍ ይታያል፤ የመንግሥት የሳንቲም መቅረጫ ቤት ማለት ነው። ከሥሩ ቁጥሩ አለ። የጽሑፉ ፊደሎች ከብረቱ ከፍ ብለው የወጡ ናቸው። ቁጥሩ ግን ወደ ውስጥ የተቀረጸ ነው፤ ወይ በእጅ መቅረጫ፣ ወይ በሚሽከረከር መሣሪያ። በአጉሊ መነጽር ሲታይ የሰው እጅ ያረፈበት ቅርጽ እኩል አይሆንም። አንዱ አኃዝ ጠለቅ ይላል፣ አንዱ ያዘነብላል። ሁሉም አኃዝ እንከን የለሽ እኩል ከሆነ ቆም ብሎ መጠየቅ ነው። ከቁጥሩ ጎን «ዲ» የምትል የሩስያ ፊደል ካለች፣ ያ ለጠፋ ኒሻን ምትክ የተሰጠ ነው። ሐሰተኛ አይደለም፤ ግን የተሠራበት ጊዜ ከቁጥሩ ጋር አይሄድም።

ፎቶም ይረዳል። ከጁን 1943 በፊት ኒሻኖች በግራ ደረት ነበር የሚደረጉት። በዚያ ወር በወጣ ድንጋጌ የኮከብ ቅርጽ ያላቸው ወደ ቀኝ ደረት ሄዱ። የሌኒንና የቀይ ሰንደቅ ዓላማ ኒሻኖች ደግሞ ብሎናቸውን ትተው፣ አምስት ማዕዘን ባለው ሪባን ላይ በግራ በኩል ይንጠለጠሉ ጀመር። የትከሻ ማዕረግም የመጣው በዚያው ዓመት መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ወታደሩ ኮከቡን በግራ አድርጎ ማዕረጉ ኮሌታው ላይ ከሆነ፣ ፎቶው ከ1943 በፊት የተነሳ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የቀይ ሰንደቅ ዓላማ ኒሻን የነበራቸው አንዳንዶች አዲስ ከመቀበል ይልቅ የድሮውን አስቀየሩት፤ ብሎኑን በሞረድ አስቆርጠው ከላይ ማንጠልጠያ ቀለበት አስበየዱ። እንዲህ ያለውን «ተበላሽቷል» ብሎ የሚንቅ ገዢ አለ። ለእኔ ግን የዚያ ድንጋጌ ምልክት ያረፈበት ስለሆነ ከሁሉም ይበልጥብኛል።

ይኸው ድንጋጌ ሌሎቹንም ለመለየት ይጠቅማል። በኦክቶበር 1938 የተቋቋመው የድፍረት ሜዳሊያ መጀመሪያ የሚንጠለጠለው በትንሽ አራት ማዕዘን ቀይ ሪባን ነበር። ከ1943 በኋላ ሪባኑ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ግራጫ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ቁጥር መጻፉ ቀረ። በሜይ 1942 የተቋቋመው የአርበኝነት ጦርነት ኒሻን ግን በተቃራኒው ነው። በሪባን ጀምሮ በ1943 ወደ ብሎን ዞረ። በዚህ ኒሻን ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በ1985 የድሉ 40ኛ ዓመት ሲከበር በሕይወት ላሉ አርበኞች በብዛት እንደገና ተሰጠ። የጦርነቱ ጊዜ አንደኛ ደረጃ ወርቅ አለበት፤ የ1985ቱ በወርቅ የተለበጠ ብር ነው። የ1985ቱን የ1944 ነው ብሎ መሸጥ የተለመደ ነው።

ሐሰተኛ የቀይ ኮከብ ሲሠራ አብዛኛው ጊዜ ሙሉ በሙሉ አዲስ አይሠራም። እውነተኛና ርካሽ ኮከብ ተገዝቶ ቁጥሩ ተፍቆ ሌላ ይጻፍበታል። የተፋቀበት ቦታ ዝቅ ይላል፤ ወደ ብርሃን አዘንብሎ ማየት በቂ ነው። ኢናሜሉ ተፈንክቶ በቀለም የተሞላም አለ። በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ የተሞላው ቦታ ከሌላው ይለያል። እኔ ብሆን ተፈንክቶ ሳይታደስ የቀረ ኮከብ ከታደሰው እመርጣለሁ።

እነዚህ ኒሻኖች ገበያ ላይ የወጡት በብዛት ከ1991 በኋላ ነው። ሩብል ሲወድቅ ጡረተኛ አርበኞች፣ ወይም ልጆቻቸው፣ ሞስኮ ውስጥ በአርባት መንገድና በኢዝማይሎቮ ገበያ ሸጧቸው። ደብተሩ ለአንዱ፣ ኒሻኑ ለሌላው ተሸጠ። የአንድ ሰው ሦስት ኒሻኖች ወደ ሦስት አገር ተበተኑ። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። የአንድ ሰው የሆኑ ሽልማቶች አብረው ከተገኙ መነጣጠል የለባቸውም፤ ለየብቻ ሲሸጡ የተሻለ ዋጋ ቢያወጡም እንኳ።

ብዙዎቹ ደግሞ ከባለቤቶቻቸው ጋር ወደ እስራኤል ሄዱ። ከሶቪየት ኅብረት የገቡ አይሁድ አርበኞች በየዓመቱ በድሉ ቀን፣ ሜይ 9፣ ኒሻናቸውን ደርድረው ይወጣሉ። እስራኤል ያላችሁ ቤተ እስራኤላውያን አንባቢዎች አይታችኋቸው ይሆናል። በቀኝ ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ኮከብ ይኸው ነው። ከእኛ አገር ታሪክ ጋርም ይገናኛል። በኦጋዴን ጦርነት ጊዜና ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ውስጥ ያገለገሉ የሶቪየት የጦር አማካሪዎች ነበሩ፤ ከእነሱ መካከል በዚሁ ኒሻን የተሸለሙ አሉ። የእነዚያ ቁጥር ከ3 ሚሊዮን በላይ ካለው ነው።

ቤታችሁ ውስጥ ካለ፣ ከሩስያ የተመለሰ ዘመድ ያመጣውም ሊሆን ይችላል፣ በምንም ነገር አትወልውሉት። የብር ማጽጃ አትንኩ። ወታደሩ ላይ ያለው ጥቁረት ቆሻሻ አይደለም፤ ሲሠራ ጀምሮ ያለ ነው። ከዳዶው ጋር አቆዩት። ፊቱንና ጀርባውን ፎቶ አንሱ፤ ቁጥሩንና ከማን እንደመጣ ጻፉ። ያመጣው ሰው በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ጠይቁት።

ሩስያ ውስጥ ግን መግዛትም መሸጥም ወንጀል ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 324 የሶቪየትን ኒሻኖችና ሜዳሊያዎችም ይጨምራል። ሞስኮ የሄደ ሰው ገበያ ላይ ርካሽ ኮከብ ቢያይ፣ ዓይኑ ቢያርፍበትም አይግዛው።