የፈረስ ጉልበት ምንድን ነው? ጣርማ በር ላይስ የት ይገባል?

ደብረ ብርሃን ውስጥ የአሮጌ ቢኤምደብሊው ኮፈን ከተከፈተ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሦስት ሰው ይሰበሰባል። አንዱ "ስንት ፈረስ ነው?" ይላል። ሁለተኛው መልሱን እንኳ ሳይጠብቅ "ባክህ ሞተሩን ቀይረው" ይላል። ሦስተኛው "ቱርቦ አስገጥም" ይላል፤ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን መሣሪያ ማለቱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የተከፈተው ኮፈን የኔ ነበር። መኪናዋ ባለ ሁለት በር 316 ናት፤ ኢ 30 የሚባለው የ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ትውልድ፣ ባለ ካርቡራተር፣ ማለትም ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው የድሮው መሣሪያ የምትሠራ። ወረቀቷ 90 ፈረስ ይላል። ክርክሩ እስከ ምሳ ሰዓት ዘለቀ። ፈረሱ ራሱ ምን እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም።

ነገሩ የተጀመረው በእውነተኛ ፈረስ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተር ይሸጥ ነበር። ገበያው ወፍጮውን በፈረስ የሚያስዞር ሰው ነው። ይህ ሰው ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ብረት የስንት ፈረሴን ሥራ ይሠራልኛል? ዋት የፈረስን ሥራ ለክቶ ቁጥር አወጣለት። ጀርመኖቹ ደግሞ በኋላ በኪሎና በሜትር የራሳቸውን ልክ ያዙ። 75 ኪሎ ሸክም በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ሽቅብ ካነሳህ፣ ያ አንድ ፈረስ ነው። በሰውዬው ስም በተሰየመው መለኪያ፣ በዋት፣ ሲሰላ 735.5 ይሆናል። የእንግሊዞቹ ፈረስ ትንሽ ጠንከር ይላል፤ 746 ገደማ ነው። ስለዚህ አንዱ 170፣ ሌላው 168 እያሉ ሲጣሉ ብትሰማ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

(የኛ ከተማ የጋሪ ፈረስ ይህን ቢሰማ ይስቃል። ፈረስ ከልቡ ሲፈተለክ ለጥቂት ሰከንድ ከ10 የፈረስ ጉልበት በላይ ያወጣል። የዋት ፈረስ ቀኑን ሙሉ የሚለፋው ነው።)

እዚህ ላይ ሰከንዷን ልብ በሉ። 75 ኪሎ ጤፍ አንድ ሜትር ለማንሳትማ ወዛደርም ያነሳል። እሱ ሦስት ሰከንድ ከፈጀ ሲሶ ፈረስ ነው። ስሙ ጉልበት ይባል እንጂ የሚለካው ሥራው የሚያልቅበት ፍጥነት ነው።

ሌላው ጉልበት ቶርክ ነው። ጎሚስታ ጋ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? የጎማው ብሎን አልላቀቅ ሲል ልጁ ቁልፉ ጫፍ ላይ ረጅም ቱቦ ይሰካል። ክንዱ ያው ክንድ ነው፤ ብሎኑ ግን ሲጥ ብሎ ይዞራል። ያ የመጠምዘዝ ኃይል ነው ቶርክ። የፈረስ ጉልበት የሚገኘው ቶርኩ በዙር፣ ማለትም ሞተሩ በሚዞርበት ፍጥነት፣ ሲባዛ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የቶርክ መለኪያ የሆነውን ኒውተን ሜትር በደቂቃ ዙሩ አባዝቶ ለ7,024 ማካፈል። 140 ኒውተን ሜትር የሚሰጥ ሞተር 4,000 ዙር ላይ 80 ፈረስ ገደማ አለው። 2,000 ዙር ላይ ያው 140 ቢኖረው 40 ፈረስ ብቻ ነው። ዳገት ላይ በአራተኛ ማርሽ እየተንቀጠቀጠ "90 ፈረስ አለኝ" የሚል ሰው፣ ፈረሶቹ ከላይ ዙሩ ጋ ታስረው ነው ያሉት። ሁለተኛ ማርሽ ያስገባና ይፍታቸው።

አሁን ወደኛ አገር ጉዳይ እንምጣ። ያ 90 የተጻፈው ለባሕር ወለል አየር ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። እዚህ ያለው አየር ከባሕሩ ዳር አየር በሩብ ገደማ ይሳሳል። ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው በሚተነፍሰው አየር ልክ ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሩብ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። የኔዋ 90 እዚህ 67 አካባቢ ናት ማለት ነው። ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከፍ ብሎ ባለው ጣርማ በር፣ ከዚያም ይወርዳል።

67 ፈረስ ለዳገት ምን ያህል ነው? መኪናዋ ከነሰዎቹ 1,200 ኪሎ ትሁን። በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር የሚወጣ ዳገት ላይ በሰዓት 67 ኪሎ ሜትር ብትሄድ፣ በየሰከንዱ አንድ ሜትር ተኩል ሽቅብ ትወጣለች። 1,200 በ1.5፣ ለ75 ሲካፈል 24 ፈረስ። ይህ ለስበት ብቻ የሚከፈል ነው። ነፋሱ፣ ጎማው፣ ካምቢዮው ገና ድርሻቸውን አልወሰዱም። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ዋሻ ስወጣ ቱርቦ ያለው ናፍጣ ፒክአፕ ለምን ጭስ አልብሶኝ እንደሚያልፍ የገባኝ ይህን ካሰላሁ በኋላ ነው። ቱርቦ የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው የሚያስከፍለውን ዕዳ በአብዛኛው ይሸፍናል።

ስለዚህ ቱርቦ የሚለው ሰውዬ ተሳሳተ አልልም። ቢኤምደብሊው ራሱ በ1973 እ.ኤ.አ. "2002 ቱርቦ" የተባለውን መኪና ሲያወጣ ከሁለት ሊትር ሞተር 170 ፈረስ አውጥቷል። የኢ 30 ትውልድ 325 አይ ያንኑ ቁጥር ያገኘው በሁለት ሊትር ተኩልና በስድስት ሲሊንደር ነው። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ጠባዩ ግን ሰማይና ምድር። የዚያ ዘመን ቱርቦ ዙሩ እስኪወጣ ያንቀላፋና ድንገት ይወረወራል። ስድስቱ ሲሊንደር ከታች ጀምሮ ለስላሳ ነው፤ እዚህ ግን 127 አካባቢ ይቀርለታል። "አራት ሲሊንደር ምን ያደርጋል" ለሚሉት ደግሞ፣ የኔዋ ሞተር ዘር ኤም 10 ይባላል። በ1983 እ.ኤ.አ. ኔልሰን ፒኬ የፎርሙላ ዋን ዋንጫ የወሰደበት የአንድ ሊትር ተኩል ቱርቦ ብሎኩ ከዚሁ ዘር ነው። በርግጥ የኔዋን እንደዚያ ብገፋት ቴስታታዋ፣ የሞተሩ የላይ ክዳን፣ በዚያው ቀን ይሰናበተኛል።

ወጪ ከማውጣቴ በፊት ግን መካኒካችን፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ካንዴላ ፈቱና መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ጫፉ ጥላሸት ለብሷል። "አየህ ልጄ፣ ቤንዚን እያጠጣሃት ነው" አሉኝ። ካርቡራተር የአየሩን መሳሳት አያውቅም፤ ለባሕር ወለል የተመጠነውን ቤንዚን እዚህም ያንቆረቁራል። ቤንዚን የምታሳልፈውን የነሐስ ቀዳዳ በጠበበች ቀየሯት። ያጣናቸው ፈረሶች ሁሉ አልተመለሱም፤ ጥቂቶቹ ግን መጡ፣ የቤንዚን ሽታውም ጠፋ። ከአንድ ቅዳሜ ክርክር ይህ ይሻላል።

"ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም" ይባል የለ። ሞተር መቀየር የሚያስብ ሰው ከፈረሱ ሌላ የሚያስበው ብዙ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ክፍት ውሃ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይዝ ከሆነ ትልቁ ሞተር ዳገቱን ሳይጨርስ ይንተከተካል። የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ካልገጠመ ደግሞ የቦሎ ሰሞን አበሳ ነው። ከሁሉም በላይ ፍሬኑ። 316 ከኋላ ያለው የከበሮ ፍሬን ነው፤ 325 አይ ግን በአራቱም ጎማ ዲስክ አለው። ሞተሩን ከ325 አምጥቶ ፍሬኑን ከ316 ትቶ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሰው ቢያሳፍረኝ አልገባም።

ከተከራካሪዎቹ አንዱ የሆነው ጓደኛዬ አሁንም ስድስቱን ሲሊንደር ካልገጠምን ይላል። ሞተሩን አፈላልጎ አግኝቷል፤ ግቢው ውስጥ በሸራ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እኔ ለጊዜው የኋላውን ከበሮ እያወለቅሁ ነው።