ፖሊስን ማን ይጠይቀዋል? በጎንደር የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«በሕግ አምላክ!» ሲባል ሯጩ የሚቆምበት ወግ የቆየ ነው። ፖሊሱን ራሱን በሕግ አምላክ ለማለት የፈለገ ሰው ግን በር ይጠፋዋል፤ ከጣቢያ ከንቲባ ቢሮ፣ ከከንቲባ ቢሮ ጣቢያ ሲመላለስ ይከርማል። በብዛት የሚያመላልሱት እነዚህ አመለካከቶች ናቸው።

«ፖሊስ የከንቲባው ነው፤ ከንቲባው ካዘዘ ይፈታል።»

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 መሠረት የክልል ፖሊስን የሚያደራጀውና የሚመራው ክልሉ ነው። የከተማው ፖሊስ መምሪያም የዚህ ኃይል አካል ነው፤ ሙያዊ ሰንሰለቱ ባሕር ዳር ካለው ፖሊስ ኮሚሽን ይደርሳል። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ የምርመራ ሥራን የማዘዝና የመቆጣጠር ሥልጣን የዐቃቤ ሕግ ነው። ስለዚህ ፖሊሱ ከተሳደበ ወይም ከተማታ መምሪያው ወይም ኮሚሽኑ ዘንድ፣ መርማሪው መዝገቡን ካጓተተ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ፣ እስሩ ሕገወጥ ከሆነ ፍርድ ቤት መሄድ ነው። በከንቲባ ደብዳቤ ዳኛን መተካት አይቻልም፤ የተቻለ ቢመስል እንኳ ሌላ ጥፋት ነው።

«48 ሰዓቱ የሚቆጠረው መዝገብ ላይ ከሰፈረበት ጊዜ ነው። ቅዳሜና እሁድ አይገባም።»

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። የሚቆጥረው ሰውየው ከተያዘበት ሰዓት ጀምሮ ሲሆን፣ የሚቀንሰውም ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት በግምት የሚያስፈልገውን ጊዜ ብቻ ነው። ከአዘዞ ወይም ከማራኪ ፍርድ ቤት ለመድረስ ቀን አይፈጅም። ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት የተያዘ ሰው ጊዜው እሁድ 10 ሰዓት ይሞላል፤ የዕረፍት ቀን ይቀነስ የሚል ቃል በአንቀጹ ውስጥ የለም።

ክርክሩ የሚበላሸው ሰዓቱን የሚያስረዳ ሲጠፋ ነው። መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ጣቢያ የደረሰበት ሰዓት ሊሆን ይችላል፣ መንገድ ላይ የተያዘበት ሳይሆን። ምግብ ይዞ የሚሄድ ቤተሰብ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተያዘበትን ቦታና ያየውን ሰው ስም ያኔውኑ ይጻፍ። ዳኛ ፊት ሲቀርብም መጀመሪያ የሚነገረው ይኸው ነው።

ፖሊስ ጊዜ ቀጠሮ (ሰውየውን አስሮ ምርመራውን የሚጨርስበት ተጨማሪ ጊዜ) ከጠየቀ በአንድ ጊዜ የሚፈቀደው ቢበዛ 14 ቀን ነው። መርማሪው የቀረውን ሥራ ለይቶ ይናገር፦ የትኛው ምስክር፣ የትኛው ሰነድ? በሁለተኛው ቀጠሮ ያንኑ ዝርዝር ይዞ ከመጣ መቃወም ይገባል፤ ዝም ከተባለ ግን ቀጠሮው ይረዝማል።

ጭራሽ ካልቀረበስ? በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 177 መሠረት አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ቃለ መሐላ ይያያዝበታል፤ ታሳሪው ራሱ መማል ካልቻለ ሌላ ሰው ምክንያቱን ገልጾ ይምላል። ማን እንደያዘው፣ የት እንዳለና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ በግልጽ ይጻፍበት። በደሉን በሦስት ገጽ ዘርዝሮ ያሠረውን የማይጠቅስ አቤቱታ ዋጋ የለውም። ጠበቃ መክፈል ያቃተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትን ነጻ የሕግ ድጋፍ መጠየቅ ይችላል።

«ሰብአዊ መብት ኮሚሽን ያስፈታኛል።»

ማረሚያ ቤትና ማቆያ ሳያሳውቅ መጎብኘት፣ መመርመርና ምክረ ሐሳብ መስጠት ይችላል። ፍርድ ቤት የያዘውን ጉዳይ ግን አያይም። የእንባ ጠባቂ ተቋምም ሥራው የአስተዳደር በደል ነው።

«በጥምቀት የተመታ የከተማውን ፖሊስ ይክሰስ።»

በዚያ ሰሞን የከተማው ፖሊስ፣ የክልሉ ኃይልና ፌዴራል ፖሊስ አብረው ሊሰማሩ ይችላሉ። መጀመሪያ ደንብ ልብሱን መለየት፤ ፌዴራል ፖሊስ ከሆነ ተጠሪነቱ ለክልሉ አይደለም።

«መንግሥትን ካሳ ማን ይጠይቃል?»

በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2126 መሠረት የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ጥፋት ጉዳት ካደረሰ መንግሥትን መክሰስ ይቻላል። ጊዜው በቁጥር 2143 ጉዳቱ ከደረሰ 2 ዓመት ነው፤ ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) ከዚህ የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ይሠራል። ተጎጂው የሕክምና ማስረጃውን ቁስሉ ሳይደርቅ ያውጣ። አቤቱታም በሁለት ቅጂ ይገባል፦ አንዱ እዚያ ይቀራል፣ ሌላው ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጎ ኪስ ውስጥ ነው።