የሚወልቅ ከፊል ጥርስን መልመድ

የሚወልቅ ከፊል ጥርስ ማለት የተወሰኑ ጥርሶቹን ያጣ ሰው የሚያደርገው፣ ራሱ እያወለቀ የሚያጸዳው አርቴፊሻል ጥርስ ነው። ሙሉው አርቴፊሻል ጥርስ የሚያርፈው ድድና ላንቃ ላይ ብቻ ነው፣ ከፊሉ ግን የቀሩትን የራስ ጥርሶች በሽቦ ወይ በብረት ጥፍር ቆንጠጥ አድርጎ ይይዛል። ባብዛኛው የሚሰራው ከአክሪሊክ ነው፣ እሱ ሮዝ መልክ ያለው ፕላስቲክ፣ በፈረንጆቹ 1930ዎቹ መጨረሻ አካባቢ የጎማውን ተክቶ የመጣው። ዋጋው ቀለል ይላል ግን ወፈር ስለሚል አፍ ይሞላል። የኮባልት ክሮም ብረቱ ስስና ጠንካራ ነው፣ ለመልመድም ይቀላል፣ ዋጋው ግን ይጨምራል። ከናይለን የሚሰራው ተጣጣፊው ደሞ ሽቦ ስለሌለው ለዓይን ያምራል፣ ችግሩ ሲሰበር ወይ ሲላላ ለመጠገን አስቸጋሪ መሆኑ ነው።

ሰው ጥርስ ሲያሰራ ስለ ዋጋውና ስለ መልኩ በደንብ ይጠይቃል፣ ከተሰራ በኋላ ስላሉት ሳምንታት ግን ብዙም አይጠይቅም፣ ስንት ጥርስ ደሞ የሚቀረው እዛ ላይ ነው፤ ተከፍሎበት፣ ተለክቶ፣ ተሰርቶ ከዛ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ባዳነት ሌላ ህመም ሌላ መሆኑን የነገራቸው ስለሌለ ነው። ባዳነት የሚጠፋው ጥርሱን በማድረግ ነው፣ ህመም የሚጠፋው ደሞ በማስተካከል ነው። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ወይ ሊለመድ የሚችለውን ነገር ቶሎ ይተወዋል ወይ ደሞ ሀኪም በደቂቃዎች የሚያስተካክለውን ቁስል «ቻል ላድርገው» እያለ ድዱን ያቆስላል።

ባዳነቱ ምን ይመስላል? መጀመሪያ ምራቅ ነው። አፍ አዲሱን ነገር ምግብ ነው ብሎ ስለሚቆጥረው ምራቅ ያመነጫል፣ ይሄ በቀናት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል፣ መዋጥ እንጂ እየደጋገሙ መትፋት አያስፈልግም። የላይኛው ከሆነና ላንቃን የሚሸፍን ከሆነ ማቅለሽለሽ ሊኖር ይችላል፣ በአፍንጫ ቀስ ብሎ መተንፈስ ይረዳል፣ ካልተወ ግን የኋላ ጠርዙ ረዝሞ ሊሆን ስለሚችል ሀኪሙ ይከረክመዋል። ምግብ ጣዕሙ የጠፋ ይመስላል፣ ምላስ ቦታ የጠበባት ይመስላታል፣ ጉንጭም አልፎ አልፎ ይነከሳል። ንግግር ላይ ሰ፣ ሸ፣ ጸ እና ተ የመሳሰሉት ድምፆች ይንሸራተታሉ ምክኒያቱም ምላስ እነሱን የምታወጣቸው ከላይ ጥርሶች ጀርባ ያለውን ቦታ ተጠግታ ነው፣ አሁን ደሞ እዛ ቦታ ላይ ፕላስቲክ ወይ ብረት አለ። መድሀኒቱ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ነው፣ የዕለት ጸሎቱን ጮክ ብሎ የሚያደርስ ሰው ሳያስበው ትልቁን ልምምድ እየሰራ ነው። ሰው እንዳይሰማብኝ ብሎ ዝም ማለት ግን መልመዱን ያራዝመዋል።

ህመም ግን ሌላ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚወጋ፣ የሚቀላ ወይ የሚቆስል ከሆነ ፕላስቲኩ እዛጋ በዝቶ ተጭኗል ማለት ነው። ስንነክስ አንዱ ጎን ቀድሞ የሚገናኝ ከሆነም ንክሻው ከፍ ብሏል። ሽቦው የያዘው ጥርስ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ጭንቅ ቢለው የሚጠበቅ ነው፣ ህመሙ እየባሰ ከሄደ ግን መታየት አለበት። ሀኪሙ ቀለም የሚያስተላልፍ ወረቀት በማስነከስ ወይ ስስ ቅባት በመቀባት የተጫነውን ቦታ ያገኘውና ጥቂት ይፍቀዋል። እዚጋ አንድ ትልቅ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው ህመሙን ፈርቶ ጥርሱን አውልቆ ይቀመጥና ከሳምንት በኋላ ድዱ ድኖ ሀኪም ጋ ይሄዳል፣ ያኔ ምልክቱ ስለጠፋ የቱጋ እንደሚፋቅ ማወቅ ይከብዳል። ስለዚ ከቀጠሮው በፊት ለጥቂት ሰዓታት ማድረግ ያስፈልጋል። በቤት ውስጥ በሞረድ ወይ በምላጭ መፋቅ ግን በፍጹም አይሞከርም፣ የተፋቀ አይመለስም። እስከ ቀጠሮው ለብ ባለ የጨው ውሃ መጉመጥመጥ ያስታግሳል።

ሁሉም አፍ እኩል አይለምድም። አሜሪካዊው የጥርስ ሀኪም ኤድዋርድ ኬኔዲ በ1925 እ.ኤ.አ. ባወጣው፣ እስከዛሬም በሚሰራበት፣ አፍን በጎደሉት ጥርሶች ቦታ በሚለየው ምደባ አንደኛው ላይ ያለው የሁለቱም ጎን የኋላ መንጋጋዎች የሌሉበት አፍ ነው፣ በተለይ የታችኛው ሲሆን ለመልመድ ከባዱ እሱ ነው። ምክኒያቱም ከኋላ የሚደገፍበት ጥርስ የለም፣ ክብደቱ ድድ ላይ ይወድቃል፣ ድድ ደሞ ከጥርስ በጣም የበለጠ ስለሚሰምጥ ሲታኘክ ይወዛወዛል፣ ምላስም ከጎኑ ትገፋዋለች። እንዲህ አይነት ጥርስ ያደረገ ሰው ጎረቤቱ የፊት ሁለት ጥርሱን አስተክቶ በቀላሉ ስለለመደ «እኔ ምን ሆኜ ነው» ብሎ ራሱን መውቀስ የለበትም።

አበላል ላይ የኛ ማዕድ ለጀማሪ ይመቻል። እንጀራ በሽሮ፣ ክክ፣ አጥሚት፣ ገንፎ፣ በደንብ የበሰለ ድንች የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምግቦች ናቸው፣ በትንሽ በትንሹ እየቆረሱ በሁለቱም ጎን እኩል ማኘክ ነው፣ ባንድ ጎን ብቻ ከታኘከ ሌላው ጎን ይነሳል። ጥብስ ቆየት ብሎ፣ በጣም ተከትፎ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሸንኮራና ጥሬ ሥጋ ለወራት ቢቆዩ ይሻላል፣ ጠንካራውን ቆሎ ጭራሽ የማይመለሱበትም አሉ። ማስቲካ፣ ካራሜላና ተምር ይጣበቃሉ፣ የቃሪያ ፍሬና ሰሊጥ ደሞ ከስር ይገባና ያቃጥላል፣ ከበሉ በኋላ አውልቆ ማለቅለቅ ነው። ቡና ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ ላንቃው ተሸፍኖ ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ አይታወቅም፣ ጉሮሮ ሲደርስ ነው የሚያቃጥለው።

ሲደረግ መስታወት ፊት ቆሞ፣ ውሃ አስነክቶ፣ በጣት ተገፍቶ ነው የሚገባው። ነክሶ ቦታው ማስገባት ሽቦውን ያጣምመዋል አንዳንዴም ይሰብረዋል፣ ሲወልቅም በሁለቱም ጎን እኩል እየተነሳ ነው። ሀኪሙ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ሌሊትም አድርገው ሊል ይችላል፣ ከዛ በኋላ ግን ማታ ማታ ወልቆ ውሃ ውስጥ ማደር አለበት። ሌሊቱን ሙሉ ተሸፍኖ የሚያድር ላንቃ ካንዲዳ በሚባለው ፈንገስ ሊቀላ ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ስለማያም ሰውየው ሳያውቀው ይቆያል። ማጠቢያው ለስላሳ ብሩሽና ፈሳሽ ሳሙና ነው፣ ከስር ሳፋ ውሃ ወይ ፎጣ አድርጎ፣ ከእጅ ሲያመልጥ ሴራሚክ ላይ ወድቆ የሚሰበር ብዙ ነውና። የፈላ ውሃ አክሪሊኩን ያጣምማል፣ በረኪና ብረቱን ይበላዋል፣ የጥርስ ሳሙናም ይሞርደዋል።

ደሞ የራስ ጥርሶች አይረሱ! ሽቦው የያዛቸው ጥርሶች ዙሪያ ምግብ ስለሚጠራቀም ቶሎ የሚበሰብሱት እነሱ ናቸው፣ እነሱ ከተነቀሉ ደሞ ጥርሱ የሚይዘው ነገር ያጣል። በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና መቦረሽ፣ መፋቂያም የለመደ ሰው ለራሱ ጥርሶች ይቀጥል፣ አርቴፊሻሉን ግን አይፈግፍግበት።

ጥርስ ተነቅሎ ወዲያው የተደረገ ከሆነ በቀጣዮቹ ወራት አጥንቱና ድዱ እየሟሸሸ ስለሚሄድ ጥርሱ ይላላል፣ ያኔ ከስር በአዲስ አክሪሊክ ይሞላል እንጂ በማጣበቂያ እየደገፉ መቆየት መፍትሄ አይደለም። በዚ ምክኒያት ከአሜሪካም ከአረብ ሀገርም ለእረፍት ሀገር ቤት መጥቶ ጥርስ የሚያሰራ ሰው ገና እንደደረሰ ቢጀምር ነው የሚያዋጣው፣ በመጨረሻው ሳምንት ተቀብሎ ከበረረ የሚፍቅለት ሀኪም እዛ ከአዲስ መፈለግ አለበት። ከተሰበረም ሱፐር ግሉ ሳይነካው ስብርባሪው ሁሉ ተሰብስቦ ወደ ሰራው ቦታ ይወሰድ፣ ንጹህ ስብራት ብዙ ጊዜ ይጠገናል።