ድግግሞሽ ቤት አይመታም

የማበረታቻ ግጥም ሲጻፍ ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ ነው፦ በየስንኙ መጨረሻ «በርታ» ካልኩ ቤት መታ ማለት ነው? አይደለም። ቤት የሚመታው የተለያዩ ቃላት መጨረሻቸው በድምፅ ሲገጥም ነው። ይህችን ለማሳያ የጻፍኳትን እዩ፦

በርታ ወንድሜ ሆይ፣ ሌሊቱም ይነጋል፤
የታጠፈ ክንፍህ፣ ዳግም ይዘረጋል።

«ይነጋል» እና «ይዘረጋል» በ«ጋል» ተገናኙ፤ ይሄ ቤት ነው። ሦስተኛው ስንኝ እንደገና «በርታ ወንድሜ ሆይ» ብሎ ቢጀምር ግን ድግግሞሽ ይሆናል። ስሜት ያጠነክራል እንጂ ቤት አይተካም።

የስንኞቹ ምጣኔ (የርዝመታቸው ልክ) «የወል ቤት» የሚባለው የግጥም ዓይነት ነው፤ ስንኙ መሐል ላይ ትንፋሽ ይወሰድና በግራም በቀኝም ስድስት ስድስት ቀለም (በአፍ አንዴ የሚወጣ የድምፅ ክፍል) ይወጣዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፊደል ሲቆጥር ነው። «ዳግም» ሦስት ፊደል ቢሆንም በአፍ ሲባል «ዳ-ግም»፣ ሁለት ቀለም ነው። ስለዚህ ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ ቁጠሩ፣ ዓይናችሁን አትመኑ።

ይህ የወል ቤት ልክ ነው፤ ሌሎቹ የግጥም ዓይነቶች ሌላ ምጣኔ አላቸው። ድግግሞሹ ስንቴ ይሁን ለሚለው ደግሞ ደንብ የለም፣ የገጣሚው ምርጫ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ «በርታ» በየስንኙ ሲመጣ ቶሎ ይሰለቻል።