«ስምን መልአክ ያወጣዋል»፦ ከክርስትና ስም እስከ ደቡብ ዋልታ የበረዶ ግግር

የአንድ ሰው ስምና ዕድል ሲገጥሙ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ሀብቴ የተባለው ልጅ አድጎ ባለጸጋ ሲሆን ጎረቤት ይህን አባባል ያነሣል፤ ደሃ ሆኖ ቢቀር ግን መልአኩን የሚያስታውሰው የለም። አባባሉ ነገሩ ከሆነ በኋላ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚነገር እንጂ ትንቢት አይደለም።

መነሻውን ለመረዳት ግሱን ማስተዋል ይጠቅማል። በአማርኛ ስም ይወጣል፤ «ስም አወጣን» ስንል ቀድሞ በውስጥ ተሰውሮ የነበረውን ወደ ውጭ ያመጣን ያህል ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ የክርስትና ስም በሚወጣበት አገር፣ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 16 መልአኩ ለአጋር የልጇን ስም እስማኤል ብሎ ሲነግራት፣ በሉቃስ ወንጌልም ገብርኤል ለዘካርያስ የዮሐንስን ስም አስቀድሞ ሲያሳውቀው ለሰማ ሕዝብ፣ ስም ከሰማይ ይመጣል ማለት እንግዳ አይሆንም። አባባሉም ከዚሁ ሳይመነጭ አልቀረም።

ነባር ነዋሪ በሌለበት ምድርስ ስም የሚያወጣው ማን ነው? አንታርክቲካ እንዲህ ያለች አህጉር ናት፤ ገደሏም ሸለቆዋም ስም ያገኘው ከመርከበኞች፣ ከአሳሾች፣ በኋላም ከኮሚቴዎች ነው። በምዕራብ አንታርክቲካ የሚገኘውና 120 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የትዌይትስ የበረዶ ግግር፣ አንድ የአሜሪካ ኮሚቴ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ በነበሩ የሥነ ምድር ሊቅ ስም የሰየመው ነው። ግግሩ ሙሉ በሙሉ ቢቀልጥ የዓለምን የባሕር ወለል ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ እንደሚያደርግ ስለሚገመት፣ ጋዜጦች «የምጽአት ቀን ግግር» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለታል። ከሁለቱ ለአባባላችን የሚቀርበው በእኔ አስተያየት ቅጽሉ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በምሥራቅ አንታርክቲካ፣ በጆርጅ አምስተኛ ምድር የሚገኙት የሁለቱ ጎረቤታም ግግሮች ስም ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1912 አውስትራሊያዊው ዳግላስ ማውሰን፣ እንግሊዛዊው መኮንን ቤልግሬቭ ኒኒስና ስዊዘርላንዳዊው የበረዶ ሸርተቴ አዋቂ ዛቪየር ሜርትስ ውሾች የሚጎትቷቸውን ተንሸራታቾች ይዘው ከሠፈራቸው ወደ ምሥራቅ ተጓዙ። በመንገዳቸው ሁለት ታላላቅ ግግሮችን ተሻገሩ፤ በዚያን ጊዜ ግግሮቹ ስም አልነበራቸውም። ዲሴምበር 14 ቀን፣ ከሠፈር 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ሁለተኛውን ግግር ካለፉ በኋላ፣ በረዶ የሸፈነው ስንጥቅ ከኒኒስ እግር ሥር ተደረመሰ። ኒኒስ ጠንካሮቹን ስድስት ውሾች፣ አብዛኛውን ስንቅና ድንኳኑን ይዞ ጠፋ። የተረፉት ሁለቱ የቀሩትን ውሾች እያረዱ እየበሉ ወደ ኋላ ሲመለሱ ሜርትስ ታመመና ጃንዋሪ 8 ቀን 1913 ሞተ። ማውሰን ብቻውን ፌብሩዋሪ 8 ቀን ሠፈር ደረሰ፤ መርከቧ ግን የሄደችው ከጥቂት ሰዓታት በፊት ነበርና ሌላ ዓመት በዚያው ከረመ።

ለሠፈሩ የሚቀርበው ግግር ሜርትስ፣ ከእሱ በስተ ምሥራቅ ያለው ደግሞ ኒኒስ ተባሉ። እዚህ ላይ አባባሉ ተገልብጦ ይታያል፤ ስሙ ዕድሉን አልቀደመም፣ ዕድሉ ስሙን አወጣ እንጂ። ደግሞም ሁለቱ ሰዎች አስከሬናቸው ወደ አገሩ ያልተመለሰ በመሆናቸው፣ ስሙ በካርታ ላይ የተጻፈ የመቃብር ድንጋይ ያህል ነው።

የበረዶ ግግር ግን እንደ ድንጋይ ቆሞ አይቀርም፤ በራሱ ክብደት እየተገፋ ቀስ ብሎ ወደ ባሕር ይፈስሳል። የሜርትስ ግግር ጫፉ ባሕር ላይ እንደ ምላስ ተዘርግቶ ይንሳፈፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ ላይ ቢ-9ቢ የተባለ ተንሳፋፊ የበረዶ ተራራ ምላሱን ገጨው፤ 78 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቁራጭም ተገንጥሎ ሄደ። ቁራጩ የሜርትስን ስም አልወረሰም። ተንሳፋፊ የበረዶ ተራሮች የሚጠሩት መጀመሪያ በታዩበት የአንታርክቲካ ሩብ ፊደልና በተራ ቁጥር በመሆኑ፣ መዝገብ ላይ የሰፈረው ሲ-28 ተብሎ ነው።