ለከባድ የፋይናንስ ስሌት የትኛው ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ይፈጥናል?

ፋይናንስ ውስጥ ኮምፒውተር ከሚያደክሙ ስራዎች ዋነኛው ሞንቴ ካርሎ ነው። የአክሲዮኑን ዋጋ በራንደም ቁጥር እያንቀሳቀሱ ብዙ ሊሆኑ የሚችሉ ጉዞዎችን ማስላት፣ ከዚያ አማካዩን መውሰድ ነው። ፌሊም ቦይል እ.አ.አ. በ1977 ለኦፕሽን (አክሲዮንን ወደፊት በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት) ትመና አዋለው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ችግሩ ውጤቱን 10 እጥፍ ለማጥራት 100 እጥፍ ጉዞ ማስላት ማስፈለጉ ነው። የቋንቋ ፍጥነት እዚህ ጋ ገንዘብ ይሆናል።

በዕድሜ የሁሉም ታላቅ ፎርትራን ነው። ጆን ባከስ የመራው የአይቢኤም ቡድን በ1957 አወጣው። አርጅቷል የሚሉት ብዙ ናቸው፤ ግን በ1992 የወጣው ላፓክ የተባለ የማትሪክስ ስሌት ላይብረሪ (የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ) የተጻፈው በእሱ ነው፣ ዛሬ ፓይተን ላይ ማትሪክስ የሚፈታ ሰውም ሳያውቀው ብዙ ጊዜ የሚጠራው ላፓክን ነው። ፎርትራን ከሲ++ ይፈጥናል የሚሉ አሉ። ምክንያት አላቸው፦ የፎርትራን ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ኮድ የሚቀይረው ፕሮግራም) ለአንድ ፈንክሽን የተሰጡ ሁለት አሬዮች (የቁጥር ድርድሮች) ሜሞሪ ላይ እንደማይደራረቡ አምኖ ይሰራል። ሲ++ ግን መጠንቀቅ አለበት። ሲ በ1999 ለዚህ፣ አሬዮቹ እንደማይደራረቡ ለኮምፓይለሩ የሚነግር ሪስትሪክት የሚል ቃል ጨመረ፤ የሲ++ ስታንዳርድ እስካሁን የለውም፣ ኮምፓይለሮቹ ግን በራሳቸው መንገድ ይፈቅዱታል። በተግባር ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል።

የሙያው ዋና መሣሪያ ሲ++ መሆኑ ግን አያከራክርም። በ2000 የተጀመረው ኳንትሊብ በነጻ የሚገኝ የትመና ላይብረሪ ነው፤ የተጻፈውም በሲ++ ነው። ይህን ያህል የተሟላ ነጻ ስራ ሌላ ቋንቋ ላይ ማግኘት ይከብዳል።

ፓይተን በራሱ ሉፕ (ተደጋጋሚ ስሌት) ላይ ቀርፋፋ ነው። አንድ ተራ የአስርዮሽ ቁጥር በተለመደው 64 ቢት ፓይተን 24 ባይት ይይዛል፣ ሲ++ ውስጥ 8 ብቻ። በ2006 የመጣው ኑምፓይ የተባለ የፓይተን ላይብረሪ ቁጥሮቹን በ8 ባይት አጠገብ ለአጠገብ ስለሚደረድርና ሉፑን ወደ ሲ ስለሚያወርደው ነገሩን ቀየረው። ግን ዋጋ አለው። 1 ሚሊዮን ጉዞ በዓመቱ 252 የገበያ ቀን ቢሰላ 252 ሚሊዮን ቁጥር ነው፤ በአንድ አሬይ ከተያዘ ወደ 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ይበላል። ሲ++ ጉዞውን አንድ በአንድ ስለሚጨርስ ጥቂት ቁጥር ብቻ ይዞ ይሄዳል። ኑምባ የተባለው የፓይተን ኮምፓይለር ይህን ክፍተት በጣም ያጠበዋል፣ ሉፑን እዛው ፓይተን ውስጥ ወደ ማሽን ኮድ ይቀይራል።

ጁሊያ በ2012 ይፋ ሆነ፣ ፍጥነቱም ጥሩ ነው። የገበያ ዳታ ላይ ኬዲቢ+ የተባለው ዳታቤዝ የራሱ ቦታ አለው። ከ2007 ወዲህ ደግሞ ኩዳ የተባለው የኤንቪዲያ የፕሮግራሚንግ መሣሪያ ሞንቴ ካርሎን ወደ ግራፊክስ ካርድ ወስዶታል።

አንድ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ያለው ፋስት ማዝ የሚባል ምርጫ ስሌቱን ሊያፈጥን ይችላል፣ ግን የመደመሩን ቅደም ተከተል ሊለውጥ ስለሚችል የመጨረሻዎቹ አሃዞች ሊለያዩ ይችላሉ። ከዚህ የባሰው፣ ናን የሚባለው «ቁጥር አይደለም» የሚል ምልክት በጭራሽ አይመጣም ብሎ ያስባል። የጎደለ የገበያ ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው በናን ነው፣ እሱን የሚፈትሸውን መስመር ኮምፓይለሩ ሰርዞት ሊያልፍ ይችላል።